ካቴናው ብቻውን አያልቅም

ሞተር ሳይክል የምንነዳ ሰዎች ካቴናን የምናስታውሰው ሲጮህ ነው። ጎማ እንነፋለን፣ ዘይት እንለካለን፣ መስታወት እንወለውላለን። ካቴና ግን ጎንበስ ብለው ካላዩት አይታይምና ራሱ እስኪናገር ድረስ ይረሳል። የእኔ ደጋግሞ ተናግሮ ነበር። እዚህ እስራኤል፣ ከዖሜር ወደ ቤር ሼቫ በ60 ቁጥር መንገድ ስወርድ፣ ነዳጅ ስለቅ ከግራ እግሬ ሥር ብረት ከብረት ሲፋቅ ይሰማኛል፤ ነዳጅ ስሰጥ ይጠፋል። ድምፁ በጠፋ ቁጥር ነገሩ የዳነ እየመሰለኝ ብዙ ጊዜ ነዳሁት።

ዖሜርን ሰው የሚያውቃት በአረንጓዴዋና በጸጥታዋ ነው። በ1949 በእርሻ ሰፈርነት ተቆረቆረች፤ ዛሬ የራሷ ምክር ቤት ያላት፣ ግቢዋ ሁሉ አበባ የሆነ ትንሽ ከተማ ናት። እኔ ከአንድ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ሞተሬን የማቆመው በግቢው የመኪና ጥላ ሥር ነው። የአትክልቱ ውሃ ካበቃበት ግን የኔጌቭ በረሃ ይጀምራል። የዚህ አገር አፈር ዝናቡ ሲቀር እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው፤ ንፋስ ሲነሳ ሰማዩን ቢጫ ያደርገዋል፣ መስኮት ተዘግቶም ቤት ይገባል። ይህ ብናኝ ቅባት ሲያገኝ ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። እኔ ደግሞ ካቴናዬን እየተንከባከብኩ መስሎኝ ወፍራም ግራሶ በእጄ እየዛቅሁ እለቀልቀው ነበር። ባበዛሁ ቁጥር አቧራው ይበዛል፤ ጠቁሮ ሲጋገር «ግራሶው ገና አለ» ብዬ ደስ ይለኛል። በገዛ እጄ ያን ያህል ብረት ማስበላቴ አሁንም ይቆጨኛል።

የካቴና ነገር የገባኝ ካጠፋሁ በኋላ ነው። ዛሬም የምንጠቀምበትን ዓይነት ካቴና በ1880 ያወጣው ማንችስተር ውስጥ ይሠራ የነበረው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ሐንስ ሬኖልድ ነው፤ መሠረቱ አልተለወጠም። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ውስጥ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ በቱቦው ላይ ደግሞ የጥርሱን ግፊት የሚቀበል ተሽከርካሪ ቀለበት ተሰክቷል። በእኔ ሞተር ላይ ያለው ዓይነት ግራሶውን ከፋብሪካ ውስጡ ይዞ በትናንሽ የጎማ ቀለበቶች የታሸገ ነው። ከውጭ የምንቀባው ጎማዎቹ እንዳይደርቁና ብረቱ እንዳይዝግ ነው እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ቤንዚን ያፈሰስንበት እንደሆነ ጎማዎቹን ይበላቸዋል፤ ለማጠብ ላምባና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

«ካቴናው ተለጠጠ» እንላለን። የሚለጠጠው ብረቱ አይደለም፤ የሚበላው ዘንጉና ቱቦው ነው። የእኔ 106 መጋጠሚያ አለው። በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ቢበላ ድምሩ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ካቴናው የሚጫንባቸው ሁለቱ ጥርሳሞች ግን የተቀረጹት ለአዲሱ ልክ ነው። ካቴናው ሲረዝም ወደ ጥርሱ ጫፍ እየወጣ ይቀመጣል፤ እየጎተተ ጫፉን ያሾለዋል፣ ያጎብጠዋል። ከዚያ ወዲያ የተጎዳው ጥርስ በተራው አዲስ የመጣበትን ካቴና ይበላል። የእኔ ሞተር ከፊት ያለው ትንሹ ጥርሳም 14፣ ከኋላ ያለው ትልቁ 40 ጥርስ አላቸው። ትልቁ አንዴ ሲዞር ትንሹ ሦስቴ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው በሽፋን ውስጥ የተደበቀው፣ ማንም የማያየው ትንሹ ነው።

ይህን ሁሉ በቤር ሼቫ የጋራዦች ሰፈር አንድ መካኒክ በአጭሩ ነግሮኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ ካቴናውን ከትልቁ ጥርሳም ላይ በሁለት ጣቱ ወደ ኋላ ሳበው፤ ግማሽ ጥርስ ከመሃል ብቅ አለ። «ሦስቱንም አብረህ ቀይር፤ ካቴናውን ብቻ ከቀየርክ ገንዘብህን ጣልከው ማለት ነው» አለኝ። ዋጋውን ሲጠራ ጆሮዬ ተዘጋ። የቤት ኪራይ ደርሷል፤ በዚያ ላይ ዕቃ ሊሸጥልኝ የሚያስፈራራኝ መሰለኝ። አመስግኜው ወጣሁና ከሌላ ቦታ ካቴና ብቻ ገዛሁ። ጥርሳሞቹን ቀረብ ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። ካየኋቸው መግዛት ይኖርብኛላ።

ሥራውን የጀመርኩት ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው። እዚህ አገር ዓርብ ከሰዓት ምን ያህል አጭር እንደሆነ የኖረ ያውቀዋል። ሱቁ ይዘጋል፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ እናቴ ቤር ሼቫ ሆና ሰንበት ሳይገባ እንድደርስላት መንገድ መንገድ ታያለች። የጎደለ ነገር ቢኖር እስከ እሑድ የሚገዛበት የለም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው መፍቻ ያነሳሁት። መጀመሪያ አሮጌውን ካቴና ቆርጬ ጣልኩት። ከዚያ የፊቱን ሽፋን ፈታሁ፤ ውስጡ ጥቁር ጭቃ ሞልቷል፤ ልጠርገው እንኳ አልታገስኩም። የትንሹን ጥርሳም ዳዶ በመፍቻ ይዤ ገፋሁት። ካቴናው ከወጣ ወዲህ ጥርሳሙን የሚይዘው ነገር የለምና ዳዶውና ጥርሳሙ አብረው ይዞራሉ። ማርሽ አስገብቼ ሞከርኩ፣ እንጨት ሰክቼ ሞከርኩ፤ በመጨረሻ መፍቻው ሾለከና የጣቴን መገጣጠሚያ ከብረቱ ጋር አጋጨው።

ደሜን እየጠረግሁ «ይሄ ጥርስ ገና ደህና ነው» አልኩ። አይቼው አልነበረም፤ መፍታት ስላቃተኝ ነው ደህና ያልኩት። በሌላውም ኑሮዬ «ደህና ነው» ብዬ ሽፋኑን የመለስኩበት ነገር ብዙ ነው፤ ይህን የሚያነብ ሰውም ሳያገኘው አይቀርም።

አዲሱን ካቴና በአሮጌዎቹ ጥርሳሞች ላይ ጫንኩት። ሁለቱን ጫፍ የሚያገናኘው መጋጠሚያ በትንሽ ክሊፕስ ይቆለፋል፤ ክሊፕሱ በአንድ በኩል ድፍን፣ በሌላው በኩል ክፍት ነው። ድፍኑ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ከተገለበጠ መንገድ ላይ የነካው ነገር ሁሉ በክፍቱ በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። ይህን ማንም ጀማሪ ያነበዋል፤ እኔም አንብቤዋለሁ። መጋጠሚያውን ያያያዝኩት ግን በታችኛው ረድፍ ላይ ሳለ ነው። ሞተሩ ወደ ፊት ስለሚሄድ ድፍኑን ጫፍ ወደ ፊት አዞርኩት። የታችኛው ረድፍ ወደ ኋላ እንደሚሄድ፣ ወደ ፊት የሚሄደው የላይኛው እንደሆነ አላሰብኩም፤ ሰዓቴን ነበር የማየው። ደግሞም ጠበቅ ያለ ካቴና የተሻለ መስሎኝ፣ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስቼ እንዳንጠለጠልኩት ወጠርኩት። መመሪያው ሞተሩ በጎን መቆሚያው ቆሞ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ጨዋታ ይኑረው ይላል። የእኔ የዚያን ግማሽ እንኳ አልነበረውም። ሰው ሲቀመጥበትና ጉድጓድ ሲረግጥ ጎማው ወደ ላይ ይወጣል፤ ካቴናው ይበልጥ ይወጠራል፤ ጭነቱን ኩሽኔታው ይሸከማል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወላጆቼ ቤት ደረስኩ። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ደረጃውን ወጥቼ ጉልበታቸውን ስስም፣ «ያ ብረት እየተበላ ነው» አሉኝ።

«አሁን ነው የቀየርኩት አባ፣ አዲስ ነው።»

«አዲስ ይሁን። አንዱ ካንዱ አልተስማማም፤ ይሰማኛል።»

«አባ፣ ይሄ እኮ ማሽን ነው» አልኳቸው።

ሌላ አልተናገሩም። እናቴ ዳቦውን አቀረበች፣ ሰንበት ገባ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ስለ አባቴ ለማንም ሳልናገር የኖርኩት ነገር አለ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ አያቴም እንደዚሁ። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወለቃ አጠገብ፣ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ይሠሩ ነበር። የእኛ ወገን፣ ቤተ እስራኤል፣ ርስት አልነበረውምና አብዛኛው በእጁ ሥራ ይኖር ነበር፤ ወንዱ በብረትና በሽመና፣ ሴቷ በሸክላ። በጎንደር ነገሥታት ዘመንም ግንበኛውና አናጢው ከእኛ ወገን ብዙ ነበር። የአገሩ ገበሬ ያለ እነዚህ ሰዎች ማረሻ አንድ ትልም አያወጣም ነበር፤ ማረሻውን ተቀብሎ ሲመለስ ግን «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ብረት የሚያቀልጥ ሰው ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ልጅ የታመመበት ሰው የሚጠረጥረው ቀጥቃጩን ነበር። አባቴ ይህን ስም ከነመዶሻው ወርሰው አደጉ። ለእኔ ግን መዶሻ አላስያዙኝም። ወናፉ አጠገብ ስደርስ «ሂድ፣ አንተ ትማራለህ» እያሉ ያባርሩኝ ነበር።

በግንቦት 1983፣ እዚህ በምንቆጥረው በ1991፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰድ እኛም ነበርንበት። መስፉና መዶሻው ከዚያ ቀደም ብሎ ለመንገዳችን ተሸጠዋል። ኔጌቭ ስንደርስ ማረሻ የሚያስቀጠቅጥ ሰው አልነበረም። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሕንፃ አጸዱ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ «አባትህ አገሩ ምን ይሠራ ነበር?» ስባል «ገበሬ» እል ነበር። ይህን ለነጮቹ ልጆች ብቻ አይደለም የምለው። ይበልጥ የምፈራው የእኛዎቹን፣ ስድቡን በአማርኛ የሚያውቁትን ነበር። እነሱም እንደኔ የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ ልጆች ነበሩ፤ ግን ማንም ለማንም አላወጣም። «ይሄ እኮ ማሽን ነው» ብዬ የአባቴን አፍ ስዘጋ ያው ስድብ ነበር ከእኔ የወጣው፤ በጨዋ ቋንቋ ስለተነገረ ለራሴም አልተሰማኝም።

ካቴናው መጮሁን አልተወም። ብዙም ሳይቆይ መዝለል ጀመረ። ነዳጅ ስሰጥ በጎበጡት ጥርሶች ላይ እየረገጠ ያልፋል፤ እኔም የላላ መስሎኝ የበለጠ አጠብቀዋለሁ። በአንድ የዕረፍት ቀን በ40 ቁጥር መንገድ ወደ ሚጽፔ ራሞን ጉዞ ጀመርኩ። ስዴ ቦቄር ሳልደርስ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ስጨምር ከበታቼ «ቀጭ» አለ። ሞተሩ ባዶውን ጮኸ፤ ጎማው ኃይል አጣ። ፍሬን ይዤ ዳር ወጣሁ፤ ዞሬ ሳይ ካቴናው ከኋላዬ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል።

ሄጄ አነሳሁት። ገና ይሞቅ ነበር። የመጋጠሚያው ክሊፕስ የለም፤ ጎኑን የሚይዘው ቅጠልም የለም። ካቴና ወደ ኋላ በመውደቅ ፈንታ ትንሹ ጥርሳም ላይ ተጠቅልሎ ቢያዝ የኋላውን ጎማ ይቆልፈዋል፣ ወይም የሞተሩን ቤት ሰብሮ ይገባል። በዚያ ፍጥነት፣ ከኋላዬ የጭነት መኪና እየመጣ፣ ጎማው ቢቆለፍ ምን ይሆን እንደነበር ለማሰብ ጓደኛዬ በመኪና እስኪደርስልኝ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። የተረፍኩት ጠንቅቄ ሠርቼ አልነበረም። ተረፍኩ፣ በቃ።

ካቴናውን በከረጢት አድርጌ በቀጥታ አባቴ ዘንድ ወሰድኩት። በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ተቀበሉኝ። «አልኩህ» አላሉም። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጎን አጎበጡት፣ አንዱን ቀለበት በጥፍራቸው አዞሩት፣ ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት። «ይሄ ካቴና ልጅ ነው፤ ያለ ዕድሜው ነው ያረጀው። የሚዞርበትን አሳየኝ» አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ዖሜር መጡ። ከዚያ በፊት ወደዚያው መካኒክ ተመልሼ ሦስቱንም ዕቃ ገዝቼ ነበር፤ ትርፍ መጋጠሚያም ጨመርኩ። አባቴ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ ዝቅ ያለ በርጩማ አምጣ አሉኝ። መጀመሪያ የጠየቁት ጨርቅና ላምባ ነው። እኔ ዘልዬው የነበረውን ጭቃ በእርጋታ ጠረጉት። ብረቱ ራቁቱን ሲቀር ነገሩ ሌላ ሆነ፤ የትንሹ ጥርሳም ጫፎች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ጎብጠው ሾለዋል። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው አውራ ጣታቸውን በአንደኛው ጥርስ ጎን ላይ አሳለፉ፤ ከዚያ በሌላው ጎን። ደግመው አሳለፉ። «እዚህ ሻካራ ነው፤ እዚህ መስታወት ሆኗል። በውስጥ በኩል ብቻ ነው የሚፋቀው። ጎማህን ጠማማ ነው ያስቀመጥከው።»

የኋላውን ጎማ በሚይዘው ክንድ በሁለቱም ወገን ያሉትን ምልክቶች እኩል አድርጌ እንደነበር ነገርኳቸው። «ምልክቱን ማን መታው?» አሉኝ። ፈትል አመጣሁ። ክንዱ ከሚታጠፍበት መሃል እስከ ጎማው ዘንግ መሃል ለክተን ቋጠርንበት፤ ያንኑ ቋጠሮ ወደ ሌላው ጎን ስናዞረው አልገጠመም። ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ግን ከፋብሪካ የተመታው ምልክት ራሱ እኩል አልነበረም። ጎማው እንደሄደ ሁሉ ካቴናውን ወደ አንድ ጎን ሲጎትት ኖሯል።

ከዚያ ወደ ዳዶው መጣን። «ይህን ለምን አልፈታኸውም?» «አልፈታም አለኝ።» ጎንበስ ብለው አዩት። «እንዴት ይፈታልህ? ጆሮውን አጥፈውበት!» እኔ ያላየሁት ይህን ነው። ከዳዶው ሥር ያለው ሮንዴላ አንድ ጠርዙ ወደ ላይ ታጥፎ የዳዶውን ጎን ይዞታል፤ እንዳይላላ ሆን ተብሎ የተቆለፈ ነው። ያን ሁሉ ስታገል የነበረው ከተቆለፈ ዳዶ ጋር ነው። አባቴ ጠፍጣፋ መሮና ትንሽ መዶሻ ተቀበሉኝ። እንዴት እንደሚመቱ ልብ ብዬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ክንዳቸውን አያነሱም፤ ከእጃቸው አንጓ ብቻ ነው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ቆም ብለው ያያሉ፣ መሮውን በጥቂት ያዞራሉ፣ እንደገና ጠቅ። ጆሮው ሳይሰበር፣ ዳዶው ሳይጫር ቀና አለ።

ሁሉንም ነገር ያውቁ ነበር ብዬ አልዋሽም። ዳዶው ጆሮው ቀንቶም ሲያስቸግር «እሳት አምጣ፤ ብረት ሲሞቅ ይለቃል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ብረት ሲሞቅ ይለቃል። ከጥርሳሙ ጀርባ ግን የሞተሩን ዘይት የሚያግድ ጎማ አለ፤ እሳት ካገኘው ዘይቱ በዚያ ይፈሳል። ባትሪ አብርቼ አሳየኋቸው። አንገታቸውን አዘንብለው አዩና «እሺ፣ ጎማ ካለ ሌላ ነው» ብለው ተዉት። እኔም ካጠፋሁ በኋላ ያነበብኩትን አመጣሁ፦ የፊቱ ዳዶ የሚፈታው ካቴናው ሳይወጣ ነው። የወደቀውን ካቴና በትርፉ መጋጠሚያ አያይዤ መለስኩት፣ ማርሽ አስገባሁ፤ አባቴ የኋላውን ፍሬን ተጭነው ያዙልኝ። መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰካሁ። «አትንጠቀው፤ ክብደትህን ጣልበት» አሉ። ጣልኩበት። ዳዶው አንዴ ጮኸና ለቀቀ።

አሮጌውን ትንሹን ጥርሳም በእጃቸው እያገላበጡ «ይሄ አንድ ፊቱ ገና ነው። ብትገለብጠው ያገለግልሃል» አሉኝ። ሌላ ሲጠፋ እንዲህ የሚያደርጉ መካኒኮች አሉ፤ ጥርሱ በሁለቱም ፊት እኩል ከሆነ ለጊዜው ይሠራል። አዲስ ካቴና ከተጫነበት ግን ያው የተበላ ልክ አዲሱን ይበላዋል አልኳቸው። «ይህን ካወቅህ ለምን ቀድሞ አደረግኸው?» አሉ። ለመንቀፍ አልነበረም፤ ሊያውቁ ነው የጠየቁት። የምመልሰው አልነበረኝም።

አዲሶቹን ጥርሳሞች ገጠምን፤ ለትንሹ አዲስ ሮንዴላ አድርገን አባቴ ጆሮውን በመዶሻ አጠፉለት። ካቴናውን ስንጭን ክሊፕሱን ከማስገባቴ በፊት ጎማውን በእጄ እያዞርኩ ወዴት እንደሚሄድ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በእጅ ነው ያዞርኩት። ሞተር አስነስተው ካቴና የሚያጸዱ ሰዎች ጣታቸውን ያጣሉ፤ ይህን ለማንም የሚነዳ ሰው ደጋግሜ እናገራለሁ።

ይህን ስናደርግ አከራዬ ወጣ። ደግ ሽማግሌ ነው፤ ወደ አባቴ እጅ ትክ ብሎ አየና በዕብራይስጥ «አባትህ ኢትዮጵያ ምን ይሠሩ ነበር?» አለኝ። አባቴ ያን ያህል ዕብራይስጥ ይገባቸዋል። እኔ ሳልቀድማቸው «ገበሬ» አሉ። በልጅነቴ የተናገርኩትን ውሸት ከእሳቸው አፍ ስሰማው ደነገጥኩ። እኔ ያመጣሁት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሳቸውም በየቦታው ሲሉት ኖረዋል። «አይደለም፣ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻ ይሠሩ ነበር» አልኩት። ሰውየው በአድናቆት ወደ ሮንዴላው ጎንበስ አለ። አባቴ ግን ፊታቸውን አዙረው ጨርቅ አነሱ።

ወደ ቤር ሼቫ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ለምን ነገርከው?» አሉኝ።

«እውነት ነው እኮ አባ።»

«እውነት መሆኑን እኔ አጥቼው ነው? የኔን ነገር የምናገረው እኔ ነኝ።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ደግ ያደረግሁ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሳይጠየቁ ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ፤ ሳይጠየቁ ያወጣሁባቸውም እኔው። ከዚያ ወዲህ ስለ ወለቃ ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ ቀን አለ፤ የማይነግሩኝ ቀን አለ። የነገሩኝን እጽፋለሁ። ከሰል ከየትኛው እንጨት እንደሚሻል፣ ማረሻ ምን ያህል ቀልቶ እንደሚመታ፣ ማጭድ ሲስሉ ውሃው ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ። የሚጽፈውን ልጃቸውን አንዳንዴ ያርሙታል፤ አንዳንዴ «ይሄን ተው» ይላሉ፤ እተወዋለሁ።

አዲስ ካቴና በመጀመሪያዎቹ መቶ ኪሎ ሜትሮች ጥቂት ይረግባልና ተመልሶ መለካት አለበት። ይህን አንድ ጊዜ ብነግራቸው በየስልኩ «ካቴናውን አየኸው?» ሆነ። ረግቦ ነበር። ያለፈው ሳምንት ዖሜር መጥተው አብረን ለካነው፤ ጎማውን ጥቂት በጥቂት እያዞርን፣ ካቴናው ይበልጥ የሚወጠርበትን ቦታ እየፈለግን። 35 ሚሊ ሜትር ላይ አቆምነው። ሰው ሲቀመጥበትም ጨዋታ እንዲቀረው ፈልጌ ነበርና ማን ይቀመጥ ስል እግራቸውን አሻግረው እሳቸው ወጡ። መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከታች ሆኜ በጣቴ ነካሁት፤ አለ፣ ይንቀሳቀሳል። ዘንጉን ላጠብቅ መፍቻ ሳነሳ ከላይ ሆነው፣ «ቆይ፣ ቆይ፤ መጀመሪያ የወዲያኛውን ጎን በፈትሉ ለካ» አሉኝ። ለካሁ፤ ቋጠሮው ገጠመ።